በወረቀቱ ላይ ያለችው «አለበት»

ጥያቄውን የጠየቀችኝ ከችሎት ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም ነው። ዳኛዋ የጥበቃ ትዕዛዙን ፈርመዋል፣ ጸሐፊዋም ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሰጥታታለች። አጠገቧ ቆሜ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አነበብኩላት። ሰውየው ወደ ቤቷ እንዳይጠጋ፣ እንዳይደውልላት፣ ሰው እንዳይልክባት ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ለእሷም ለእሱም ያልተጻፈ ክፍል አለ፤ የተጻፈው ለፖሊስ ነው። ትዕዛዙ ለመጣሱ በቂ ምክንያት ካለ ፖሊሱ ሰውየውን መያዝ አለበት፤ በዚያ ሰዓት መያዝ ካልተቻለ የመያዣ ትዕዛዝ መጠየቅ አለበት ይላል።

«አለበት?» አለችኝ።

«አለበት» አልኳት።

«እህት ዓለም፣ እንግዲያው ብደውል ይይዙታል ማለት ነው? የግድ?»

በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ ፍርድ ቤቶች ማስተርጎም ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ደንባችን ጥብቅ ነው። የተባለውን እንጂ ያልተባለውን አንናገርም፣ ምክር አንሰጥም። ስለዚህ ጥያቄዋን አብራን ለቆመችው የተጎጂዎች ረዳት በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩ። ረዳቷ ትንሽ ዝም አለችና «ምንጊዜም ቢሆን 911 ትደውል» አለችኝ። ያንኑ ተረጎምኩ። ሴትየዋ የጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም፤ ሦስታችንም እናውቃለን።

ስለዚያች ሴት ከዚህ በላይ አልናገርም። የችሎት ነገር አደራ ነው። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቤት ገባ፤ ያን ቀን ያልሰጠኋትን መልስ ዛሬ ልጻፈው።

በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ያለችው ቃል «ሻል» ናት። ወደ አማርኛ ስትመጣ ብዙ መልክ ይኖራታል። «ይይዛል» ቢባል ያስኬዳል፣ «ይያዝ» ቢባልም ያስኬዳል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው «መያዝ አለበት» የሚለውን ነው፤ የሕግ አውጪው ሐሳብ እሱ ነው ብዬ ስለማምን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህችው ቃል ላይ ተከራክሮ ወስኗል። ጉዳዩ የመጣው ደግሞ ከሩቅ አይደለም፤ ከካስል ሮክ ነው።

ካስል ሮክ ከዴንቨር ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ስንነዳ በግማሽ ሰዓት የምንደርስባት ከተማ ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት ቅናሽ ልብስ ልንገዛ ስንሄድ ነው። ስሟን ያገኘችበት ትልቅ ድንጋይ ከአውራ ጎዳናው ላይ ይታያል። እኔ ያን ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ጄሲካ ጎንዛሌስ ትዝ ትለኛለች፤ በኋላ ስሟ ጄሲካ ሌናሃን ሆኗል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1999 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው እነግራችኋለሁ።) ጄሲካ ከባሏ ጋር ፍቺ ላይ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ባልየው እሷንም ልጆቿንም እንዳያውክ፣ ከቤቱም ቢያንስ 100 ያርድ እንዲርቅ አዟል። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ የ10፣ የ9 እና የ7 ዓመት። አባትየው ልጆቹን የሚያይባቸው ቀናት ተለይተው ተቀምጠዋል። በሳምንቱ መካከል ራት ሊጋብዛቸው ከፈለገ አስቀድሞ ነግሯት፣ ተነጋግረው መሆን ነበረበት።

ያን ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም 11፡30 ላይ ልጆቹ ደጅ ሲጫወቱ ወሰዳቸው። አልነገራትም። ከምሽቱ 1፡30 ላይ ፖሊስ ጠራች። ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ትዕዛዙን አሳየቻቸው። የምናደርገው ነገር የለም፣ እስከ 4 ሰዓት ካልተመለሱ መልሰሽ ደውዪ አሏት። 2፡30 ላይ ባልየው በስልክ ተገኘ፤ ልጆቹን ዴንቨር መዝናኛ ፓርክ እንደወሰዳቸው ነገራት። ወዲያው ለፖሊስ ደወለች። ያለበት ታውቋል፣ እባካችሁ ሰው ላኩ፣ መኪናውን ፈልጉልኝ አለች። እስከ 4 ሰዓት ጠብቂ አሏት። 4፡10 ላይ ደወለች፤ እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቂ ተባለች። እኩለ ሌሊት ላይ ደወለች። ራሷ ተነሥታ ወደ አፓርታማው ሄደች፣ ማንም የለም። 6፡10 ላይ ከዚያው ሆና ደወለች፤ ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ጠብቂ አሏት። የመጣ የለም። 6፡50 ላይ በእግሯ ጣቢያው ገባች። አንድ ፖሊስ ቃሏን ተቀበለና ራቱን ሊበላ ወጣ።

ከሌሊቱ 9፡20 ላይ ባልየው ራሱ ጣቢያው ድረስ መጣ፤ የመጣው ግን እየተኮሰ ነው። ሽጉጡን የገዛው በዚያው ምሽት ነበር። ፖሊሶቹ መልሰው ተኩሰው ገደሉት። መኪናውን ሲከፍቱ ሦስቱ ልጆች ውስጡ ሞተው ተገኙ።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ። እናቶች ሰዓት ላይ ይደነግጣሉ። ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው ተኩስ ድረስ ስምንት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።

ጄሲካ ከተማዋን ከሰሰች። አንባቢ እዚህ ላይ ግራ ሊጋባ ስለሚችል ክሱ የሄደበትን መንገድ ላስረዳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀደም ብሎ በ1989 አንድ ከባድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ዊስኮንሲን ውስጥ አባቱ እየደበደበው አንጎሉ የተጎዳ ትንሽ ልጅ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኞች ድብደባውን ያውቁ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን መንግሥት አንድን ሰው ከሌላ ግለሰብ ጥቃት የመጠበቅ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ የለበትም አለ። ይህ በር ስለተዘጋ የጄሲካ ጠበቆች በሌላ ገቡ። ሕገ መንግሥቱ ማንም ሰው ያለ ተገቢ ሥርዓት ንብረቱን አይነጠቅም ይላል። ዳኛ ፈርሞ የሰጣት፣ ፖሊስ ይይዛል የሚል ትዕዛዝ እንደ ንብረት የሚቆጠር መብቷ ነው፤ ፖሊስ ከምንም ሳይቆጥረው ሲቀር መብቷን ነጥቋታል ብለው ተከራከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2004 በ6 ለ5 ድምፅ ተቀበላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጁን 27 ቀን 2005 በ7 ለ2 ሻረው።

የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ፖሊስ ማንን መቼ እንደሚይዝ በራሱ ሚዛን የመወሰን የቆየ ልማድ አለው፤ ሕጉ «ሻል» ማለቱ ብቻውን ይህን ልማድ አያጠፋውም አሉ። ግዴታ ነው ቢባል እንኳ ያ ግዴታ ለጄሲካ በግሏ መብት አይሆንላትም አሉ። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ከሩት ጊንስበርግ ጋር ሆነው ተቃወሙ። የስቲቨንስ ምሳሌ ለማንም ይገባል። ይህች ሴት ጥበቃ ከግል የጥበቃ ድርጅት ብትገዛ ኖሮ ውሉ ንብረቷ ለመሆኑ የሚጠራጠር አይኖርም ነበር፤ ሕግ አውጪውና ዳኛው ሲሰጧት ለምን ያንሳል ነው ነገሩ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከላይ የተረክሁት ምሽት ጄሲካ በክሷ ያቀረበችው ነው። ፍርድ ቤቶቹ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ ያስከስሳል ወይ በሚለው ላይ ብቻ ስለተከራከሩ አንድም ምስክር አልተሰማም። ፖሊሶቹም ቆመው «ለምን አልሄዳችሁም?» አልተባሉም። እኔን ከውሳኔው በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ችሎት ውስጥ በየቀኑ የማየው ትልቁ ነገር ፍርድ አይደለም፤ ሰው ቆሞ መጠየቁ፣ ቃሉም መመዝገቡ ነው። ለሦስት ልጆች ሞት ያ አልሆነም።

ጄሲካ አልተኛችም። በ2005 መጨረሻ ጉዳዩን ለአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቀረበች። ከቤት ውስጥ ጥቃት የተረፈች ሴት አሜሪካን በዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት መድረክ ስታቆም የመጀመሪያዋ ነበረች። ኮሚሽኑ በ2011 የአሜሪካ መንግሥት እሷንም ልጆቿንም ሳይጠብቅ ቀርቷል፣ የልጆቹን አሟሟትም በወጉ አልመረመረም ብሎ ወሰነ። መንግሥት እንዲመረምር፣ እንዲክሳት፣ ሕጎቹንም እንዲያሻሽል ጠየቀ። ውሳኔው በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ኃይል የለውም። ግን እሷ የተናገረችው፣ አገሯ ውስጥ ማስረጃነቱን የሚሰማ ያጣው ሁሉ፣ ኮሚሽኑ ፊት ተሰማ።

ታዲያ ፖሊስን የሚጠይቅ ሌላ በር የለም ወይ? አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። ከጄሲካ 16 ዓመት በፊት ኮነቲከት ውስጥ ቶሪንግተን የምትባል ከተማ የምትኖር ትሬሲ ተርማን ባሏ ሊገድላት እንደሚዝት ለወራት ለፖሊስ አመልክታለች። ሰውየው የሚሠራበት ምግብ ቤት ፖሊሶች ይበሉ ስለነበር ሚስቱን እንደሚገድል ለእነሱው ይፎክርላቸው ነበር። ጁን 10 ቀን 1983 በስለት 13 ጊዜ ወጋት። አንድ ፖሊስ ደርሶ ቆሞ እያየ እንኳ፣ ወድቃ ሳለች ባሏ ራሷን በእርግጫ መታት። ትሬሲ የሄደችበት መንገድ እኩል ጥበቃ የሚባለው ነው። እነዚህ ፖሊሶች መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው የደበደበ ሲያገኙ ይይዛሉ፤ ሚስቱን የደበደበን ግን ይተዋሉ፤ ይህ አድልዎ ነው አለች። በ1985 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 2.3 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት፤ በኋላ በ1.9 ሚሊዮን ታረቁ። ኮነቲከት በተከታዩ ዓመት በቤት ውስጥ ጥቃት ፖሊስ እንዲይዝ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ከተሞች ኪሳቸው ሲነካ ይሰማሉ።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2009 የደረሰው እዚያው ነው። የቱርኳ ናሂዴ ኦፑዝ ባሏ በ2001 በቢላ ሰባት ጊዜ ወግቷት የተቀጣው 385 ዩሮ ገደማ ነበር፤ እሱንም በስምንት ጊዜ ክፍያ። በተከታዩ ዓመት እናቷን በጥይት ገደለ። ናሂዴና እናቷ ክስ እየመሠረቱ ከዛቻ ብዛት ያነሡ ስለነበር ባለሥልጣናቱ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብለው ተከላከሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም፤ መንግሥት ሴትን ከቤት ውስጥ ጥቃት አለመጠበቁ በጾታ አድልዎ ማድረግ ነው አለ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» የምትለዋን ቋንቋ እኛ ከማንም በላይ እናውቃታለን። «ቻይው፣ ልጆችሽን አስቢ»፤ «ገመናሽን ለባዳ አትግለጪ»፤ «ሽማግሌ እንላክ»። በአገራችን የ1996 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል። ጣቢያ ሄዳ «በእርቅ ጨርሱት» የተባለች ሴት የማያውቅ ግን ከመካከላችን ስንት ሰው አለ? ያንን ይዘን ነው ባሕር የምንሻገረው። እዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፣ ቋንቋ።

የማኅበራችን አንዲት እህት ጻፊው ብላ ስለፈቀደችልኝ የእሷን ልንገራችሁ። የጥበቃ ትዕዛዝ በእጇ እያለ ባሏ በምሽት በሯን ደበደበ። 911 ደወለች፤ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ሰውየው ገና የመኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ከአንደኛው ፖሊስ ጋር ቆሞ፣ እየሳቀ፣ ልጆቹን ሊያይ እንደመጣ አስረዳ። ለእሷ ያስተረጎመላት የ11 ዓመት ልጇ ነው። ሰውየውን ሸኙት። አልያዙትም።

ከሳምንት በኋላ የፖሊሱን ሪፖርት ይዛ ቤቴ መጣች፤ ይህን እንደ አስተርጓሚ አይደለም ያነበብኩት፣ እንደ እህት ነው። ተበዳይዋ ደህና ነኝ ብላለች ይላል። ሰውየው የመጣው በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሆነ ተናግራለች ይላል፤ የሕንጻው ካሜራ ግን በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ላይ ማንንም አላሳየም። በሪፖርቱ ላይ ውሸታም መስላለች።

ኮሎራዶ በ2020 ባወጣችው ሕግ ፖሊሶች የደረት ካሜራ እንዲይዙ ታዘዋል፤ በፖሊስ ላይ አቤቱታ ከቀረበ ደግሞ ቪዲዮው በተጠየቀ በ21 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። አቤቱታ ጻፍንና ቪዲዮውን ጠየቅን። ሲመጣ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን አየነው። ፖሊሱ ገባና ደህና ነሽ ወይ አላት። ልጁ ተረጎመ። እሷ መለሰች፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ማንኛችንስ ብንሆን ሌላ ምን እንላለን? እኛ የሰው ሰላምታ ሳንመልስ ችግራችንን አንጀምርም። ልጁ በእንግሊዝኛ «ደህና ናት» አለ። ፖሊሱ ቀና ብሎ አላየም፤ ጻፈ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት እየዘረጋች «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፣ በሩን ሊሰብር ነው» አለች። ልጁ «ቱ ኦክሎክ» አለ። በሩን ስለመስበር ሳይናገር ቀረ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቱ ከመስኮቱ ውጪ ይታየዋል።

ቪዲዮውን አቁማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄን ነው የከሰሱብኝ» አለች። ሪፖርቱ ሐሰት ሆኖ የተጻፈው በልጇ አፍ ስለሆነ ነው እንዲያ ያለችው።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ፖሊስ ጣቢያ ሰውን በትውልድ አገሩ ሳያገል ማገልገል እንዳለበት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ያዛል፤ ቋንቋም በዚህ ውስጥ ይገባል። ይህን ያብራራ የነበረው የ2000 የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ በ2025 ተሽሯል፤ ሕጉ ግን አለ። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። እኔ ራሴ ሌሊት በዚያ መስመር ተጠርቼ ሠርቻለሁ። የ11 ዓመት ልጅን በእናቱና በአባቱ መካከል ማቆም የሰነፍ ሥራ ነው። የሚያስጠይቅ ስንፍና ነው።

ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ለጠየቀችኝ ሴት መልሴ ይህ ነው። በወረቀቱ ላይ «አለበት» ይላል፣ ግን ባይመጡ በዚያች ቃል ብቻ በፌዴራል ፍርድ ቤት ልትከሻቸው አትችዪም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍለ ሀገሮች ከፈለጉ በራሳቸው ሕግ መንገዱን ሊከፍቱ እንደሚችሉ ተናግሯል፤ የኮሎራዶው የ2020 ሕግም ፖሊስን በግሉ የሚያስከስስ አንድ በር ከፍቷል፣ ምንም እንኳ የተጻፈው በዋናነት ፖሊስ ራሱ ለሚያደርሰው በደል ቢሆን። ጠበቃ ዘንድ የምትሄጂ ከሆነ አትቆዪ፤ እንዲህ ያለው ክስ እዚህ የሁለት ዓመት ገደብ አለበት። ከክስ በፊት ግን መዝገብ ይቀድማል። የደወልሽበትን ሰዓት ጻፊ። የሪፖርት ቁጥር ሳትቀበዪ አይሂዱ። ካልያዙት ለምን እንዳልያዙት ጠይቂ፣ አለቃቸው እንዲመጣም ጠይቂ። የትሬሲን ክስ ያጸናላት ለወራት ያመለከተችው አቤቱታ ነው። ጄሲካ ያን ሌሊት የደወለችበት ሰዓት ሁሉ ዛሬ ድረስ የሚነበበው በክሷ ላይ ስላሰፈረችው ነው።

የማኅበራችን እህት አቤቱታ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። አንድ ሳርጀንት ከአስተርጓሚ ጋር ቃሏን እንደገና ተቀበላት፤ ሪፖርቱ ላይ እርማት ተያይዞ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ባልየውም ትዕዛዙን በመጣስ ተከሰሰ። ፖሊሶቹ ምን እንደደረሰባቸው አልተነገራትም። ተገቢ እርምጃ ተወስዷል የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ብቻ ደረሳት። እኔ በዚያ ደብዳቤ አልረካሁም፣ እሷም አልረካችም። ምን እርምጃ እንደሆነ እንዲነግሯት እንደገና ጽፋለች።

ባለፈው እሑድ ቡና ልጠጣ ሄጄ ማቀዝቀዣዋ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ካርቶን አየሁ። በራሷ እጅ ጽሕፈት፣ በፊደላችን፣ «አይ ስፒክ አምሃሪክ። ኮል ኢንተርፕሪተር። ናት ማይ ሳን» ይላል። ከሥሩ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ በግራ የእኛ ሰዓት፣ በቀኝ የእነሱ። ከ2 ትይዩ የጻፈችውን 8 በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ከብባዋለች።